ከበረዶው ሜዳ ለሚወጡት ተወዳዳሪዎች ምን ትጠይቁ ነበር?

ቀዳሚ ረድፍ

ፊገር ስኬቲንግን፣ በሙዚቃ ታጅቦ በበረዶ ላይ የሚደረገውን የመንሸራተት ውድድር፣ መከታተል ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ያልተለወጠ አንድ ነገር አለ። ተወዳዳሪው ፕሮግራሙን ጨርሶ ትንፋሹ ገና ሳይመለስ ማይክሮፎን ይቀርብለትና «ምን ተሰማህ?» ይባላል። እርሱም «ደስ ብሎኛል፤ አሰልጣኞቼን አመሰግናለሁ» ብሎ ይሄዳል። አራት ደቂቃ ሙሉ ሲዘልና ሲሽከረከር የቆየ ሰው በዚያ ቅጽበት ሌላ ምን ሊል ይችላል?

እኔ ግን ለዓመታት በልቤ የተጠራቀሙ ጥያቄዎች አሉኝ። ዋናውን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2022 ቤጂንግ ኦሊምፒክ ላይ ጃፓናዊው ዩዙሩ ሃንዩ አጭሩን ፕሮግራም፣ ማለትም የውድድሩን የመጀመሪያ ክፍል፣ የጀመረው ሳልኮው የተባለውን ዝላይ በአራት ዙር ለመዝለል ተዘጋጅቶ ነበር። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘ ሰው ነው። ተነሣ፤ አንድ ዙር ብቻ ዞሮ አረፈ። ለዚያ ዝላይ የተሰጠው ነጥብ ዜሮ ነበር። በኋላ እንደተናገረው የጫማው ስለት በረዶው ላይ የነበረ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶበት ነው። የቀረውን ፕሮግራም ግን ምንም እንዳልደረሰበት ሰው ሠራው፤ 95.15 ነጥብ አግኝቶ ስምንተኛ ሆነ።

የምጠይቀው ስለ ጉድጓዱ አይደለም። በዚያ ዝላይና በሚቀጥለው መካከል ባሉት ጥቂት ሰከንዶች ለራሱ ምን አለ? ወይስ ምንም አላለም?

እናንተስ? ማንኛውንም ተወዳዳሪ፣ ያቆመም ይሁን አሁን ያለ፣ ፊት ለፊት ብታገኙ ምን ትጠይቁ ነበር?

የቀድሞዋ ተንሸራታች

በልጅነቴ ለዘጠኝ ዓመት ተወዳድሬያለሁ። ከታዳጊዎች ደረጃ አላለፍኩም፤ ባለ አራት ዙር ቀርቶ ባለ ሦስት ዙር አክስል እንኳ ሞክሬ አላውቅም። ስለዚህ በሃንዩ ልብ ውስጥ የነበረውን አልናገርም፤ ስለ ዝላይ ግን ጥቂት ማለት እችላለሁ።

ባለ አራት ዙር የሚዘል ሰው አየር ላይ የሚቆየው አንድ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ማሰብ የሚባል ነገር የለም። መነሻው ከተበላሸ ሰውነት ራሱን ይከፍታል፤ ክንዶች ከደረት ይላቀቃሉ፣ ዙሩ ይቆማል። ይህን የሚወስነው ሰውየው አይደለም። እርሱ የሆነውን የሚያውቀው እግሩ በረዶ ከነካ በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላስ? እኔ የተማርኩት ትንፋሽን መቁጠር ነበር። በፕሮግራሙ ውስጥ የምተነፍስባቸው ቦታዎች ከሙዚቃው ጋር ተለክተው ተሰጥተውኝ ነበር። ስወድቅ የማስበው የሚቀጥለውን ዝላይ ሳይሆን የሚቀጥለውን የትንፋሽ ቦታ ነበር። ዝላዩን ማሰብ ከጀመርኩ ሌላ ውድቀት እንደሚከተል አውቀው ነበር።

የእኔ ጥያቄ ለአሜሪካዊው ኢሊያ ማሊኒን ነው። ከስድስቱ የዝላይ ዓይነቶች ወደ ፊት እያዩ የሚነሡበት አክስል ብቻ ነው፤ ሌሎቹ በሙሉ ወደ ኋላ እየሄዱ የሚዘለሉ ናቸው። በዚህ የተነሣ አክስል ግማሽ ዙር ይጨምራል፤ «ባለ አራት» ሲባል በእውነቱ አራት ተኩል ነው። ማሊኒን በሴፕቴምበር 2022 ሌክ ፕላሲድ ላይ በውድድር ሲያሳካው የ17 ዓመት ልጅ ነበር፤ ከእርሱ በፊት በውድድር ያሳካው ሰው አልነበረም። እኛ ሁላችን አዲስ ዝላይ የምንማረው የሌላውን እያየን ነው። ማንም ያልሠራውን ዝላይ ሲለማመድ «አሁን ትክክል ነው» የሚለውን ስሜት ከየት አመጣው? ይህን ቢነግረኝ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብዬ አዳምጠዋለሁ።

ሦስት ዙር ተኩል

ጥያቄዬ ተራ ሊመስል ይችላል፤ ግን ከልጅነቴ ጀምሮ አልለቀቀኝም። ሲሽከረከሩ አይዞርባቸውም? የባሌት ዳንሰኞች በእያንዳንዱ ዙር ራሳቸውን ወደ አንድ ቦታ እየመለሱ ዓይናቸውን ይተክላሉ። ተንሸራታቾች እንደዚያ ሲያደርጉ አይቼ አላውቅም።

የቀድሞዋ ተንሸራታች

ተራ ጥያቄ አይደለም። ይህን ልመልስልዎ እችላለሁ፦ ይዞራል። በበረዶ ላይ ያለው ሽክርክሪት እጅግ ፈጣን ስለሆነ እንደ ባሌት ራስን ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም። የምናደርገው መልመድ ነው። የውስጥ ጆሮ «እየዞርክ ነው» የሚል ምልክት ይልካል፤ ከብዙ ልምምድ በኋላ አእምሮ ያን ምልክት ችላ ማለትን ይማራል። እኔ ሁለት ሳምንት ዕረፍት ወስጄ ስመለስ እንደ አዲስ ይዞርብኝ ነበር። ከሽክርክሪት ስወጣ መጀመሪያ የምፈልገው ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓት ነበር፤ ሰዓቱን ሳይ ዓለም ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ሌሎቹ ምን እንደሚፈልጉ ብጠይቃቸው ደስ ይለኛል፤ እያንዳንዱ የራሱ የሆነ ቋሚ ነገር እንዳለው እርግጠኛ ነኝ።

ነጥብ ቆጣሪ

እኔ ስሜትን ትቼ ሒሳብን እጠይቃለሁ።

በነጻው ፕሮግራም፣ ከአጭሩ ቀጥሎ በሚመጣው ረጅሙ ክፍል፣ ባለ ሦስትና ባለ አራት ዙር ዝላዮችን እንደ ልብ መደጋገም ክልክል ነው። ደንቡ የመጣው ኢሌን ዛያክ በ1982 የዓለም ሻምፒዮና ቶ ሉፕ የተባለውን ዝላይ በሦስት ዙር ደጋግማ ካሸነፈች በኋላ ሲሆን፣ እስከ ዛሬ በስሟ ይጠራል። ተመልካች ይህን ብዙ ጊዜ አያስተውለውም። ተወዳዳሪው ግን ዋጋውን ይከፍላል።

በ2014 ሶቺ ኦሊምፒክ ላይ ስፔናዊውን ሀቪየር ፈርናንዴዝን አስታውሱ። ባለ አራት ዙር ሳልኮው ሊሠራበት ባሰበው ቦታ ሦስት ዙር ብቻ ሆነበት። ወደ መጨረሻው ሲደርስ በዕቅዱ ውስጥ የነበረውን ባለ ሦስት ዙር ሳልኮው ዘለለ። ዝላዩ እንደ ዝላይ ምንም አልጎደለውም፤ በደንቡ ምክንያት ግን አልተቆጠረለትም። ውጤቱ ሲወጣ አራተኛ ነበር፤ ከነሐሱ የለየው 1.18 ነጥብ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ፒዮንግቻንግ ላይ ነሐስ አገኘ፤ እኔም በዚያ ቀን ከልቤ ደስ አለኝ። የሶቺው ምሽት ግን እስከ አሁን ይቆጨኛል።

ጥያቄዬ ይህ ነው። እግር እየነደደ፣ ልብ እየደለቀ፣ ሙዚቃው ማንንም ሳይጠብቅ፣ ያ ሁሉ ሒሳብ እንዴት ይሠራል? «ይህ ካልሆነ ያንን አድርግ» የሚል ዕቅድ አስቀድሞ ይዘጋጃል? ከተዘጋጀስ ስንት ነው? ሰባት ዝላይ ያለበት ፕሮግራም ሊበላሽ የሚችልባቸው መንገዶች በጣም ብዙ ናቸው፤ ሁሉንም በቃል መያዝ አይቻልም። ወይስ አሰልጣኙ ከሜዳው ዳር ይጮኻል? ቢጮኽስ ይሰማል?

የምሽት ተመልካች

የእኔ ጥያቄ ሦስት ቃል ናት። ለጃፓናዊቷ ማኦ አሳዳ፦ ያቺን ሌሊት ተኛሽ?

ያቺ ሌሊት በ2014 ሶቺ ላይ በአጭሩና በነጻው ፕሮግራም መካከል የነበረችው ናት። አሳዳ በአጭሩ ፕሮግራም ባለ ሦስት ዙር አክስሏ ላይ ወደቀች፤ ሌላውም ተከትሎ ተበላሸባትና 16ኛ ሆነች። በ2010 ቫንኩቨር ላይ ብር ያገኘች፣ ሁሉም ለሜዳሊያ የሚጠብቃት ሴት ነበረች። በማግስቱ ተመለሰች። አክስሉን አሳረፈች፤ ከእርሱ በኋላ የመጡትን ዝላዮች አንድ በአንድ ሠራች፤ በሕይወቷ ከፍተኛ የሆነውን የነጻ ፕሮግራም ነጥብ 142.71 አገኘች። ሙዚቃው ሲያልቅ ቀና ብላ አለቀሰች። በድምሩ ስድስተኛ ወጣች፤ ሜዳሊያ የለም። እኔ ግን ያን ውድድር ሳስታውስ ቀድማ የምትመጣብኝ እርሷ ናት።

ተመሳሳዩ በ2018 ኦሊምፒክ በአሜሪካዊው ናታን ቼን ላይ ደርሷል። ከአጭሩ ፕሮግራም በኋላ 17ኛ ነበር፤ በማግስቱ ስድስት ባለ አራት ዙር ዝላዮች ይዞ መጣና በነጻው ፕሮግራም አንደኛ ሆነ፤ በድምሩም አምስተኛ ወጣ። በ2022 ወርቁን ወሰደ።

ሁለቱም ሌሊት አሳልፈዋል። አንድ ሰው በዚያ ሌሊት ምን ያደርጋል? ይበላል? ቪዲዮውን መልሶ ያያል? ስልኩን ይዘጋል? ለሁለቱም ያችኑ ሦስት ቃል ልላቸው እፈልጋለሁ።

ዝምተኛ አንባቢ

ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የማልፈው፤ ዛሬ ግን ልጻፍ።

ጆአኒ ሮሼትን ብጠይቅ ደስ ይለኝ ነበር። በ2010 ቫንኩቨር ላይ፣ በገዛ አገሯ በተዘጋጀ ኦሊምፒክ፣ አጭሩ ፕሮግራም ሊደረግ ሁለት ቀን ሲቀረው ልጃቸውን ሊያዩ የመጡት እናቷ በድንገት ሞቱ። ሮሼት ወጥታ ተወዳደረች፤ ነሐስም አገኘች። ከአጭሩ ፕሮግራም በኋላ ስታለቅስ አብሬያት አልቅሻለሁ።

ሙዚቃው ሊጀምር ሲል፣ አዳራሹ ጸጥ ሲል፣ ምን እንደሰማች ልጠይቃት እፈልጋለሁ። የሙዚቃውን የመጀመሪያ ድምፅ በትክክል ሰምታዋለች?

ሦስት ዙር ተኩል

ውድ ዝምተኛ አንባቢ፣ ሐዘንዎ እውነተኛ እንደሆነ አልጠራጠርም። ግን ይህን ጥያቄ እኔ አልጠይቅም። ያን ሳምንት ስንት ጊዜ እንደተጠየቀች አስቡት፤ ስንት ካሜራ ፊቷ ላይ እንደተደቀነ። እኛ ለእንባዋ የቀረብን መስሎን የነበረው ቴሌቪዥኑ ስላቀረበን ነው። የሰው እናት ሞት ለእኛ ትዝታ የውድድር ክፍል ሊሆን አይገባም።

ዝምተኛ አንባቢ

ከተናገሩት በኋላ ደጋግሜ አሰብኩበት። እውነት አለዎት። ጥያቄዬን ልለውጥ። ስለዚያ ሳምንት ምንም አልጠይቃትም። እናቷ በልምምድ ቀናት የት ይቀመጡ እንደነበር፣ ከልምምድ በኋላ መጀመሪያ የሚሏት ነገር ምን እንደነበር እጠይቃታለሁ። መናገር ካልፈለገችም አመስግኛት እሄዳለሁ።

ሦስት ዙር ተኩል

ይህንን እኔም መስማት እፈልጋለሁ።

ቀዳሚ ረድፍ

የሁለታችሁ ንግግር ስናገረው የማይቀለኝን ነገር አስታወሰኝ።

በኖቬምበር 2014 ሻንግሃይ ላይ ከነጻው ፕሮግራም በፊት በነበረው ስድስት ደቂቃ ማሟሟቂያ ሃንዩና ያን ሃን በሙሉ ፍጥነት ተጋጩ። ሁለቱም በረዶ ላይ ተዘረሩ። ሃንዩ ግንባሩና አገጩ ደምቶ ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ራሱ በፋሻ ተጠቅልሎ ወጣ፤ አምስት ጊዜ ወደቀ፤ አምስት ጊዜም ተነሣ፤ ሁለተኛ ወጣ። ያን ጊዜ ቆሜ አጨበጨብኩ። «ጀግና ማለት ይህ ነው» ብዬ ለጓደኞቼ ሁሉ ቪዲዮውን ላክሁ።

አሁን ሳየው እጄ ለማጨብጨብ አይነሣም። በራሱ ላይ የተመታ የ19 ዓመት ልጅ በፍጥነት ሲዞርና ደጋግሞ በረዶ ላይ ሲወድቅ ነው የማየው። እርሱን «ለምን ወጣህ?» ብዬ አልጠይቀውም፤ ተወዳዳሪ ሁልጊዜ መውጣት ይፈልጋል። የምጠይቀው «በዚያ ቀን አንድ ሰው መጥቶ አይሆንም፣ ዛሬ አትወጣም ቢልህ ኖሮ ዛሬ ታመሰግነው ነበር ወይስ ትቀየመው ነበር?» ብዬ ነው። መልሱን በእውነት አላውቀውም። የቱንም ቢመልስ እኔ ስለራሴ ጭብጨባ አንድ ነገር እማራለሁ።

የቀድሞዋ ተንሸራታች

በእኔ ደረጃ እንኳ «ደህና ነኝ» ማለት የመጀመሪያው የምንማረው ዓረፍተ ነገር ነበር። አንድ ጊዜ ቁርጭምጭሚቴ አብጦ ጫማው አልገባ ሲለኝ ማሰሪያውን እስከ ታች ፈትቼ በግድ አስገባሁት፤ ለአሰልጣኜ አልነገርኩም። ማንም አላስገደደኝም። የፈራሁት ሕመሙን ሳይሆን ቦታዬን ሌላ ልጅ እንዳትወስደው ነበር። ስለዚህ የቀዳሚ ረድፍን ጥያቄ እደግፋለሁ፤ አንድ ቃል ግን እጨምራለሁ፦ «ደህና ነኝ ብለህ የዋሸኸው የመጀመሪያው ሰው ማን ነበር?»

የአሥር ዓመት ልጅ አባት

ልጄ ስኬቲንግ ከጀመረች ሦስት ዓመት ሆኗታል። ስለዚህ እኔ የምጠይቀው እንደ ደጋፊ ብቻ ሳይሆን እንደ ወላጅም ነው፤ ይቅርታ ብዙ ከጻፍኩ።

ለአሊሳ ሊው ነው ጥያቄዬ። በ2019 በ13 ዓመቷ የአሜሪካ ሻምፒዮን ሆነች። በ2022 ቤጂንግ ኦሊምፒክ ተወዳደረች፤ በዚያው ዓመት በዓለም ሻምፒዮና ነሐስ አገኘች፤ ከዚያም ገና በ16 ዓመቷ አቆምኩ አለች። ዩኒቨርሲቲ ገባች፤ እንደ ማንኛዋም ወጣት ኖረች። በተራራ ላይ ስኪ ስትንሸራተት የተሰማት ደስታ ወደ በረዶው ሜዳ እንድትመለስ እንዳነሣሣት ተናግራለች። በማርች 2025 ቦስተን ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። የዚያን ዕለት ፊቷን ያየ ሰው በልጅነቷ ከነበረው ፊት ጋር ያወዳድረው። እየተጫወተች ነበር።

ልጠይቃት የምፈልገው፦ በ13 ዓመትሽ «ይብቃኝ» ብትዪ የሚሰማሽ ሰው ነበር? ያ ሰው ማን ነው? እኔ ያን ሰው መሆን እፈልጋለሁ፤ እንዴት እንደሚሆኑት ግን ማንም አላስተማረኝም። ማለዳ አስነሣታለሁ፣ እከፍላለሁ፣ እነዳለሁ፤ እርሷም ይህን ሁሉ ታያለች። «አባቴ ይህን ያህል ደክሞ እንዴት አቆማለሁ?» ብላ የምታስብ ከሆነ በምን አውቃለሁ?

በአዋቂዎች ውድድር ለመሳተፍ ዝቅተኛው ዕድሜ ከ15 ወደ 17 ከፍ እንዲል በ2022 መወሰኑ እኔን አስደስቶኛል። ደንብ ግን በቤት ውስጥ ያለውን አያይም።

ነጥብ ቆጣሪ

ስለ ዕድሜ ከተነሣ ዲያና ስቴላቶ ዱዴክን አትርሱ። በ2000 በታዳጊዎች የዓለም ሻምፒዮና ብር ካገኘች በኋላ በጉዳት ምክንያት አቆመች፤ ለ16 ዓመት ያህል ከውድድር ርቃ ኖረች። ከዚያ በጥንድ ውድድር ተመለሰችና በ2024 ሞንትሪያል ላይ ከማክሲም ዴሻም ጋር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ዕድሜዋ 40 ነበር። እርሷን የምጠይቃት፦ ያ ሁሉ ዓመት ካለፈ በኋላ ጫማውን ስታጠልቂ ከአንቺ በፊት ያስታወሰው የትኛው የሰውነትሽ ክፍል ነው?

የጥንዶች ወዳጅ

ጥንዶችን ካነሣችሁልኝ ዝም ማለት አልችልም። ስለ ጥንዶች የሚጠየቀው ሁልጊዜ «በእውነተኛ ሕይወትም ትዋደዳላችሁ?» የሚል ነው። እርሱ የእኛ ጉዳይ አይደለም። የእኔ ጥያቄ ስለ ስሕተት ነው።

በግል ውድድር የወደቀ ሰው የራሱን ነጥብ ያጣል። በጥንድ ግን የአንዱ ስሕተት የሁለቱም ነው። በ2018 ለጀርመን የተወዳደረችው አልዮና ሳቭቼንኮ 34 ዓመቷ ነበር፤ አምስተኛ ኦሊምፒኳ ነው፤ ከዚያ በፊት ከሌላ አጣማሪ ጋር ሁለት ጊዜ ነሐስ አግኝታለች። በአጭሩ ፕሮግራም አጣማሪዋ ብሩኖ ማሶ ባለ ሦስት ዙር የነበረውን ዝላዩን ሁለት አደረገው። አራተኛ ሆኑ። አሥራ ስድስት ዓመት የጠበቀችው ወርቅ በእርሱ እግር ሊያመልጥ ነው። በማግስቱ ግን ለማመን የሚያስቸግር ፕሮግራም ሠርተው አሸነፉ።

የምጠይቀው ማሶን ነው። ከአጭሩ ፕሮግራም በኋላ አውቶቡስ ውስጥ አብራችሁ ስትመለሱ ማን ቀድሞ ተናገረ? ወይስ ዝም አላችሁ? በማግስቱ ጠዋትስ ከፍ አድርገህ ልታነሣት እጅህን ስትዘረጋ እጇ እንደ ትናንቱ ነበር? በጥንድ ስኬቲንግ ሴቲቱ ከአጣማሪዋ ራስ በላይ ተነሥታ፣ አንዳንዴም በሩቅ ተወርውራ ታርፋለች። ቅሬታ ያለበት እጅ ይታወቃል ብዬ አምናለሁ፤ ይህን እነርሱ ብቻ ናቸው ሊነግሩኝ የሚችሉት።

የምሽት ተመልካች

እኔ አንዲት ልጨምር። ፈረንሳዊቷ ሱርያ ቦናሊ በ1998 ናጋኖ ኦሊምፒክ ላይ ክልክል የነበረውን የኋሊት ግልባጭ ሠርታ በአንድ እግር አረፈች፤ ነጥብ እንደሚቀነስባት እያወቀች። ክልከላው ከ1970ዎቹ ጀምሮ የነበረ ሲሆን የተነሣው በ2024 ነው። ዛሬ ወጣቶች ያለ ቅጣት ሲሠሩት ስታይ ደስ ይላታል ወይስ ይቆጫታል? ምናልባት ሁለቱም አንድ ላይ።

የአሥር ዓመት ልጅ አባት

ትናንት ይህን ሁሉ ለልጄ አነበብኩላት። «አንቺስ ማሊኒንን ብታገኚው ምን ትጠይቂው ነበር?» አልኳት። ስለ አራት ተኩል ዙሩ ትጠይቃለች ብዬ ጠበቅሁ። ጥቂት አሰበችና «ሲወድቅ ጓንቱ ይረጥባል፤ ከዚያ በእርጥብ ጓንት ነው የሚቀጥለው?» አለችኝ። ምን እንደምመልስላት አላወቅሁም።

የቀድሞዋ ተንሸራታች

ስለ ማሊኒን አላውቅም፤ ለልጅዎ ግን ከእኔ ይንገሩልኝ። እኔ ለልምምድ ሦስት ጥንድ እይዝ ነበር። የረጠበውን አውልቄ ከሜዳው ዳር ባለው አጥር ላይ እሰቅላለሁ፤ ሁለተኛውን አጠልቃለሁ። ሦስተኛው ሲረጥብ የዚያን ቀን ልምምድ አበቃ ማለት ነው። እርሷ ስንት ጥንድ አላት?